የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፍሪጅ ጋዝ አያልቅም፣ ያመልጣል

ባለፈው እትም በዚሁ ዓምድ ላይ «በወጣትነቴ ከፍሪጅ ቧንቧ ያስተነፈስኩት ጋዝ ዛሬም አናታችን ላይ አለ» ብዬ፣ በውስጡ ያለው ክሎሪን የተባለ ንጥረ ነገርም ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን ኦዞን የተባለ የሰማይ ጋዝ እንደሚያፈርስ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከድሬዳዋም ከሐረርም ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። ግማሹ ይጠይቃል፣ ግማሹ ይሞግታል። የሚሞግቱኝን ደብዳቤዎች በተለይ ወድጃቸዋለሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ስኖር ስለ ጋዝ ዋጋ እንጂ ስለ ጋዝ ጠባይ የሚከራከር ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ስድስቱን መርጬ እመልሳለሁ።

«ከፊራ ገበያ አጠገብ ጭማቂ ቤት አለኝ። ፍሪጄ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞላለት። ጠጋኙ በመጣ ቁጥር ‹ጋዙ አልቋል› ይለኛል። ማንጎና ፓፓያው እየተበላሸብኝ ነው። ለመሆኑ ፍሪጅ በዓመት ስንት ጊዜ ጋዝ ይፈልጋል?»

አንድም ጊዜ አይፈልግም፣ እህቴ። ጋዝ በፍሪጅ ውስጥ እንደ ቤንዚን አይነድም፣ እንደ ከሰል አመድ አይሆንም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፤ በውስጥ በኩል ሲተን ከማንጎው ሙቀት ይወስዳል፣ ከጀርባ በኩል ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን ያንን ሙቀት ወደ ክፍሉ ይለቃል። ፋብሪካ የሞላው ጋዝ ፍሪጁ አርጅቶ እስኪጣል ድረስ ያው ነው። ከጎደለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳ ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

እንደ እርስዎ ባሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ የማገኘው ቀዳዳ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። በረዶው ሲወፍር ሰው ይቸኩልና በቢላዋ ይፈነቅለዋል። ያ ግድግዳ ስስ አሉሚኒየም ነው፣ ጋዙም የሚያልፈው በውስጡ ነው። ሌላው የተለመደ ቦታ ቧንቧዎቹ የተበየዱበት መጋጠሚያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በጣም የሚያናድደኝ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ጠጋኝ ለመሙላት ብሎ ቧንቧውን በስቶ ያስቀረው ቫልቭ ራሱ ማፍሰስ ይጀምራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጠጋኙን «ቀዳዳውን አሳየኝ» ይበሉት። በደረቅ ናይትሮጅን ግፊት ሰጥቶ በሳሙና አረፋ ይፈልግ። በኦክስጅን ልሞክረው ካለ ግን ከቤትዎ ያስወጡት፤ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰውም ይገድላል። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ያውጣ፤ ከዚያም ከፍሪጁ ጀርባ የተጻፈውን ግራም ያህል በሚዛን መዝኖ ይሙላ።

የእርስዎ ፍሪጅ ጋዝ አር-134ኤ የሚባለው ዓይነት እንደሆነ በደብዳቤዎ ጽፈዋል። ይህ ጋዝ ኦዞንን አይነካም። ምድርን በማሞቅ ግን አንዱ ኪሎ ከ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ከቧንቧዎ ያመለጠው 100 ግራም ቢሆን እንኳ አንድ ባጃጅ 60 ሊትር ያህል ቤንዚን ቢያነድ ከሚያወጣው ጭስ ጋር እኩል ነው። ይህም ለአንዱ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርስዎ ሦስት ጊዜ ሞልተዋል። ገንዘብዎና አየራችን የወጡት በዚያው በአንዱ ቀዳዳ ነው።

«በሐረር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጽሑፍዎን በመምህራን ክፍል አንብበን ለሁለት ተከፈልን። አንድ ባልደረባዬ ‹የፍሪጅ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ 20 ኪሎ ሜትር ሽቅብ አይወጣም› አሉ። ሌላው ደግሞ ‹ችግሩ ክሎሪን ከሆነ ኤርታሌ ዘወትር ይተፋው የለምን?› አሉ። ምን ልመልስላቸው?»

የመጀመሪያው ባልደረባዎ የተነሡት ከእውነት ነው። የድሮው የፍሪጅ ጋዝ አር-12 ከአየር አራት እጥፍ ይከብዳል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲያመልጥ ወለል ላይ ይንጣለላል፣ አየሩን ገፍቶም ሰው ሊያፍን ይችላል። እኔም በጠባብ ጓዳ ተንበርክኬ ስሠራ ጭንቅላቴ ዞሮብኝ ያውቃል።

ነገር ግን ሰማይ የተዘጋ ጓዳ አይደለም። የምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል። ክብደት ብቻ የሚወስን ቢሆን ኖሮ የሐረር ጭስና ትንፋሽ ሁሉ በደንገጎ ቁልቁለት እየወረደ ድሬዳዋን በሞላት ነበር፤ እኛም ታፍነን ባለቅን። ይህ ያልሆነው ነፋስና የሙቀት ሞገድ አየሩን ያለማቋረጥ ስለሚያማስሉት ነው። ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ የሚነሣውን አቧራ ይመልከቱ፤ ከየትኛውም ጋዝ ይልቅ እጅግ ይከብዳል፣ ነፋስ ግን ከጣሪያ በላይ ያወጣዋል። የጋዙ ጉዞ ፈጣን አይደለም፤ ኦዞን ወዳለበት ከፍታ፣ ከምድር ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ወዳለው ስፍራ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ይደርሳል ግን። በአውሮፕላንና በፊኛ ወጥተው እዚያው ለክተውታል።

ሁለተኛው ሙግት ይበልጥ ብርቱ ነው። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ክሎሪን በአብዛኛው አሲድ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ አሲዱም በውኃ ይሟሟል። በዳናክል ባይዘንብ እንኳ ነፋስ ወደሚዘንብበት አገር ይወስደዋል፣ ዝናብም አጥቦ ያወርደዋል። በዚያ ላይ ኤርታሌ ጋዙን አብዛኛውን ጊዜ ከምድር አጠገብ የሚተነፍስ እንጂ ወደ ላይኛው ሰማይ የሚተኩስ ተራራ አይደለም። የድሮው የፍሪጅ ጋዝ ግን በውኃ አይሟሟም፣ አይነድም፣ ከምንም ጋር አይዋሐድም። ስለዚህም ዝናብ አያወርደውም።

ጋዙን ተወዳጅ ያደረገው ይኸው ጠባዩ ነበር። ከእሱ በፊት ፍሪጆች የሚሠሩት በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በሜቲል ክሎራይድ ነበር፤ ባመለጡ ጊዜ ሰው ይገድሉ ነበር። ቶማስ ሚድግሊ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ከባልደረቦቹ ጋር አር-12ን ለዚህ ሥራ አበቃው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ ሻማ ላይ ተነፈሰና አጠፋው፤ አይመርዝም፣ አይነድም ለማለት ነው። እውነቱን ነበር። ምድር ላይ ጠላት የሌለው ነገር ግን አንድ መቶ ዓመት ያህል ይኖራል፣ ወደ ላይም ለመውጣት ጊዜ አለው። እዚያ ላይ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰብረውና ክሎሪኑን ይፈታዋል።

የተፈታው ክሎሪን ሥራውን የሚሠራው እንደ እርሾ ነው። ጥቂት እርሾ አንድ ቡሃቃ ሊጥ አቡክቶ ራሱ እንደማያልቅ ሁሉ፣ አንዲት የክሎሪን አቶም አንዱን ኦዞን አፍርሳ ነፃ ትወጣለች፣ ወደ ሌላው ትሄዳለች። እንቅስቃሴዋ እስኪገታ ድረስ እስከ 100,000 የሚደርሱ የኦዞን ሞለኪውሎችን ታፈርሳለች። ይህን ሮውላንድና ሞሊና የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1974 በወረቀት ላይ አሰሉት፤ ኢንዱስትሪውም አጥብቆ ተከራከራቸው። በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ ላይ ኦዞኑ በየፀደዩ ክፉኛ እየሳሳ መሆኑን አስታወቁ። በ1987 ደግሞ ከቺሊ ጫፍ ከፑንታ አሬናስ የተነሣ የምርምር አውሮፕላን ወደዚያ ሰማይ ገብቶ ለካ፤ የክሎሪን ውሁዱ በጨመረበት ስፍራ ኦዞኑ ይቀንሳል። ሁለቱ ሊቃውንት ከሌላው ሊቅ ከፓውል ክሩትዘን ጋር በ1995 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እኔን ያሳመነኝ ግን ኖቤሉ አይደለም። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ቀዳዳ የሚፈልጉበት አንድ ፋኖስ ነበራቸው። ከፋኖሱ ቀጭን ጎማ ይወጣል፤ የጎማውን ጫፍ በቧንቧው ዙሪያ ያዞሩታል፤ ጎማው የሳበው አየር በነበልባሉ ውስጥ የጋለ የመዳብ ሳህን ይነካል። ቀዳዳ ሲያገኝ ሰማያዊው ነበልባል አረንጓዴ ይሆናል። ጋዙ ውስጥ ያለው ክሎሪን ከመዳቡ ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ቀለም ነው። ዓመታት ያንን አረንጓዴ ስፈልግ ኖርኩ። ከዚያ አር-134ኤ የተሞሉ ፍሪጆች መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ቀዳዳው በሳሙና አረፋ እየፈላ፣ ጎማውን በላዩ ይዤ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ፋኖሱ የተበላሸ መስሎኝ ወደ አሮጌ ፍሪጅ ወሰድኩት፤ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። አዲሱ ጋዝ ውስጥ ክሎሪን የለም። በሰማይ ላይ የሆነው ነገር በዚያ ቀን በጠረጴዛዬ ላይ ታየኝ። ያን ጊዜ ነው በየሳምንቱ በመስኮት የማስተነፍሰውን ጋዝ መቁጠር የጀመርኩት፤ እስከ ዛሬም ይከነክነኛል።

ይህን አንብቦ ፋኖስ የሚፈልግ ወጣት ካለ ተው እለዋለሁ። ጭሱ መርዝ ነው፤ በዛሬዎቹ ተቀጣጣይ ጋዞች አጠገብ ደግሞ እሳት መለኮስ ሞት ነው።

«ድሬዳዋ ከዓመት ዓመት ሙቀቷ የሚብሰው ኦዞኑ ስለተቀደደ ነው?»

አይደለም። ሁለቱ ጉዳዮች ዘወትር ይደባለቃሉ። ኦዞን የሚያጣራው አልትራቫዮሌትን ነው፤ ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን ጨረር እንጂ የምንሞቀውን ሙቀት አይደለም። ትልቁ መሳሳትም በደቡብ ዋልታ ላይ ነው እንጂ በእኛ ሰማይ አይደለም፤ እዚያ የሚፈጠረው እጅግ የቀዘቀዘ ደመና ክሎሪኑን ስለሚቀሰቅሰው ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ከሐረር ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ከመቀመጧ፣ ከአስፋልቷና ከቆርቆሮዋ፣ ከምድርም መሞቅ የሚመጣ ነው። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ቢኖር ጋዞቹ ናቸው፤ ኦዞንን የሚያፈርሱት ጋዞች ምድርንም ያሞቃሉ።

«በሳቢያን የምሠራ የ24 ዓመት ጠጋኝ ነኝ። የአሮጌ ኤሲ ጋዝ የሆነው የአር-22 ዋጋ እየናረ ነው። ደንበኞች ‹ርካሹን ሙላበት› ይሉኛል። በአሮጌ ኤሲ ውስጥ አር-410ኤ ወይም የፍሪጁን አር-600ኤ ብሞላስ? የቀረውን ጋዝስ ወዴት ልልቀቀው?»

ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ወዴትም አትልቀቀው።

አር-22 ክሎሪን አለው። ኦዞንን የመጉዳት አቅሙ ከአር-12 ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ሃያኛ ይወርዳል፣ ግን አለ። ስለዚህ እንደ እኛ ላሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2013 መጠኑ ባለበት እንዲቆም፣ በ2025 በ67.5 በመቶ እንዲቀንስ፣ በ2030 ደግሞ ለጥገና ከሚተወው ጥቂት በቀር እንዲቀር በዓለም አቀፍ ስምምነት ተወስኗል። ዋጋው የሚንረው በአንተ ደንበኛ ላይ ማንም ተንኮል ስላሰበ አይደለም።

አር-410ኤ በአር-22 መሣሪያ ውስጥ አይገባም። በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ውጭ ያለው የኤሲ ክፍል ውስጥ ጋዙ 55 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሙቀት አር-22 ግፊቱ ወደ 22 ባር ነው፤ አር-410ኤ ግን 34 ባር ገደማ ይደርሳል። ኮምፕሬሰሩም ቧንቧውም ለዚያ አልተሠሩም። ዘይቱም ሌላ ነው፤ በአሮጌው ኤሲ ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሐድ ወደ ኮምፕሬሰሩ አይመለስም፣ ኮምፕሬሰሩም ደርቆ ይቃጠላል።

አር-600ኤ ኢሶቡቴን ነው፤ ለምድጃ ከምንጠቀምበት ጋዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ለኦዞን ጉዳት የለውም፣ ምድርንም እጅግ በጥቂቱ ነው የሚያሞቀው፤ በተሠራለት ፍሪጅ ውስጥ የምመርጠው ጋዝ ነው። እዚያ ግን 50 ግራም ያህል ነው የሚገባው፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹም ብልጭታ እንዳይሰጡ ተደርገው ተሠርተዋል። ኤሲ ግን ብዙ መቶ ግራም ይፈልጋል። ሰው በተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ብልጭ የሚል ሪሌ ባለበት ሣጥን ውስጥ ያንን ማድረግ እንዴት ይታሰባል? በዚያ ላይ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በአር-22 ኮምፕሬሰር በደንብ አያቀዘቅዝም። ለደንበኛህ እንዲህ በለው፤ ቀዳዳው ተደፍኖ በአር-22 እስከሚችለው ይሥራ፣ ሲሞት በአር-32 ወይም በአር-290 የተሠራ አዲስ ይግዛ።

የቀረውን ጋዝ ለዚሁ በተሠራ መሰብሰቢያ ሲሊንደር ውስጥ ሰብስበው። አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚጣለውን ቆርቆሮ ለዚህ አትጠቀም። ከ80 በመቶ በላይ አትሙላ፤ ፈሳሹ በፀሐይ ሲያብጥ ቦታ ካጣ ሲሊንደሩን ይቀደዋል። በባጃጅ ስታጓጉዘውም ጥላ ፈልግለት። የተለያየ ጋዝ በአንድ ሲሊንደር አትቀላቅል፤ ከተቀላቀለ መልሶ ለመጠቀም አይሆንም። መሣሪያው ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ከሁለት የሙያ ጓደኞቼ ጋር ተዋጥቼ ነው የገዛሁት፣ በተራ እንጠቀምበታለን። ና፣ ላሳይህ።

«ሀብታሞቹ አገሮች ለግማሽ ምዕተ ዓመት እንደልባቸው ለቀቁት። እኛ ገና ፍሪጅ ስናገኝ ‹አትልቀቁ› ይሉናል። ይህ ፍትሕ ነው?»

ቅሬታዎ እውነት አለው፤ ያበላሹት በዋናነት እነሱ ናቸው። አገሮች ኦዞንን የሚያፈርሱ ጋዞችን ለማስቆም የተስማሙበት የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ግን ይህንኑ ቆጥሮ የተጻፈ ነው። የተፈረመው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987 ነው፤ በእኛ መስከረም 5 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ዘመን በተለወጠ በአምስተኛው ቀን። የበለጸጉት አር-12ንና መሰሎቹን እ.ኤ.አ. በ1996 እንዲያቆሙ፣ እኛ እስከ 2010 ጊዜ እንዲሰጠን፣ ለመለወጫውም ወጪ እነሱ የሚያዋጡት የገንዘብ ድጋፍ እንዲቋቋም ተደርጓል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 ገብታበታለች። እንደ አር-134ኤ ያሉትን ሙቀት ጨማሪ ጋዞች ለመቀነስ የተስማሙት ደግሞ በ2016 እዚሁ በአፍሪካ፣ በኪጋሊ ነው።

ደግሞም ኦዞኑን ለማን ብለን ነው የምንጠብቀው? ያለንበት ከምድር ወገብ የቀረበና ከፍ ያለ አገር ነው፤ ኦዞኑ ሳይሳሳም ጨረሩ ብርቱ ነው። ቆዳቸው ቀለም የሌለው ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በየቀኑ ይቃጠላሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሜዳ የሚውለው ገበሬም ዓይኑ ላይ ሞራ ይወጣበታል። ኦዞኑ ቢሳሳ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ስምምነቱ በመከበሩ ከዋልታዎቹ ውጭ ያለው የኦዞን ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ2040 አካባቢ፣ የደቡብ ዋልታውም በ2066 አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ወደነበረበት ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ 2066ን አላይም። የልጅ ልጆቼ ግን ያዩታል።

«በሐረር ጁገል ውስጥ ከአያቴ የወረስኩት አሮጌ ፍሪጅ አለኝ። አሁንም ይሠራል። ጀርባው ላይ አር-12 የሚል ተጽፏል። ልጣለው?»

እየሠራ ከሆነ አይጣሉት፤ ጋዙ በቧንቧው ውስጥ እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም። አደጋው የሚመጣው የሞተ ዕለት ነው። ቁራሊዮ ገዢ መጥቶ ለመዳቡ ሲል ቧንቧውን በጉጠት ይቆርጠዋል፤ አያትዎ የገዙት ጋዝ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። አር-12 ዛሬ በአዲስ አይመረትም፤ በምድር ላይ የቀረው በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ዕቃዎች ውስጥ ያለው ነው።

ሲቆም ለማንም ሳይሰጡ ወደ እኔ ይላኩልኝ፤ ጋዙን ሰብስቤ ብረቱን እመልስልዎታለሁ፣ ዋጋ አልጠይቅም። በጁገል ጠባብ መንገድ ለሦስት ቢሸከሙት ይበቃል። አቁመው ይያዙት፣ አያጋድሙት፤ ከተጋደመ ዘይቱ ከኮምፕሬሰሩ ወጥቶ ወደ ቧንቧው ይገባል። አሁንም ቢሆን በቤት ውስጥ ቦታ ሊያዛውሩት ካሰቡና የግድ ካጋደሙት፣ ካቆሙት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ይረፍ፣ ወዲያው አይሰኩት።